የስኬልቢ አህዮች ዓርብ አይሠሩም

ደብዳቤው ማክሰኞ ጠዋት መጣ። ሊያን ታክሬይ ቆማ አነበበችው፤ ቁጭ ብላ ደገመችው፤ ከዚያ አባቷ ቁርሱን የሚበላበት ሳህን ላይ፣ ልክ እንቁላሉ መሐል ወረወረችው።

«ዓርብ!» አለች። «ዓርብ ነው የሚለው፣ አባዬ!»

ክሊፍ ታክሬይ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንሥቶ የተጣበቀበትን አስኳል በእጅጌው ጠረገለት። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቶቹ ግን ከእሱ ቀድመው ጡረታ ወጥተዋል።

«አውቃለሁ» አለ።

«ታውቃለህ?»

«ጄማ ከማዘጋጃ ቤት ባለፈው ሳምንት ደውላ ነግራኛለች። እሺ አልኳት።»

«የአህዮቹ ፈቃድ በማን ስም ነው?»

«ባንቺ።»

«ታዲያ እሺ ባዩ ማን ሆነና ነው?»

ክሊፍ እንቁላሉን ጎረሰ። ሲቆጡት መብላት ልማዱ ነው፤ ሚስቱ በሕይወት ሳለች ቦርጫም የነበረው በዚህ የተነሣ ነው።

በእንግሊዟ የባሕር ዳር ከተማ በስኬልቢ አህያ ዓርብ አይሠራም። ይህን ለማወቅ የስኬልቢ ልጅ መሆን ብቻ ይበቃል። የሊያን ቅድመ አያት አሸዋው ላይ ሕፃናት ማፈናጠጥ በጀመረበት ዘመን ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ያወጣው ደንብ ነው። አህዮቹ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት አይወጡም፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ አይቆዩም፤ ትልቅ ሰው አይጫንባቸውም፤ ዓርብ ቀን ደግሞ ቢዘንብም ባይዘንብም፣ በዓል ቢሆንም ባይሆንም ከመስካቸው ንቅንቅ አይሉም። ከተማው ከዚያ ወዲህ ስንቱን ረስቷል፤ ይህን ግን አልረሳም። ዓርብ ዕለት አህዮቹ ሣራቸውን ይግጣሉ፣ ባለአህዮቹ ዓሣና ድንች ጥብሳቸውን ይበላሉ። በስኬልቢ ሰው አፍ «የዓርብ አህያ» ማለት የማይፈጸም ተስፋ ማለት ነው።

«አንድ ቀን'ኮ ነው» አለ ክሊፍ ጎርሶ ሲጨርስ። «እንደውም አንድ ጠዋት።»

«ሐሙስ ያድርጉታ።»

«አዲሱን የባሕር ዳር መንገድ ለመመረቅ የምትመጣው ሚኒስትር የሚመቻት ዓርብ ነው አሉ።»

«አህዮቹን ደግሞ ሌላው ስድስት ቀን ይመቻቸዋል። እሷ ትልመድ።»

«ሊያን» አለ ክሊፍ፣ ሹካውን አስቀምጦ። «ፈቃዱ መስከረም መጨረሻ ላይ ያልቃል።»

ነገሩ እዚህ ላይ ነበር፤ ሁለቱም ያውቁታል። በአንድ ወቅት ሰባት ቤተሰብ በዚህ አሸዋ ላይ ስድሳ አህያ ያሠራ ነበር። ፋብሪካዎቹ ለሳምንት ሲዘጉ ከየከተማው ሕዝብ በባቡር እየተጫነ ይመጣል፤ በእንግዳ ማረፊያዎቹ አንድ አልጋ ላይ ሦስት ሦስት ሆኖ ይተኛል፤ ልጆቹ አህያ ለመፈናጠጥ እስከ ባሕሩ ጫፍ ይሰለፋሉ። ኋላ ፋብሪካዎቹ ለሳምንት ሳይሆን ለዘለዓለም ተዘጉ። የቀረው ሰው ደግሞ በአውሮፕላን ተሳፍሮ ፀሐይ ወዳለበት አገር መሄድ ለመደ። የእንግዳ ማረፊያዎቹ በስስ ጣውላ ተከፋፍለው፣ ሌሎች ከተሞች አንፈልግም ያሏቸው ድሆች ማጎሪያ ሆኑ። ወደ ባሕሩ የገባው የእንጨት ድልድይ አንድ ክረምት ነድዶ አመድ ሆነ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ምን ነካችሁ?» ብሎ የመጣ ባለሥልጣን አልነበረም። ሊያንን የሚያንገበግባት ይሄ ነው። ከተማው ሲሞት ለቀብር እንኳ ያልመጡ ሰዎች፣ አሁን መጥተው «አነሣነው» ይላሉ።

እንዴት እንዳነሡት ደግሞ ሁሉ ያየዋል። የመልሶ ማልማት ጽሕፈት ቤት የሚባል ተከፈተ። ለባሕሩ ፊታቸውን የሰጡት ቤቶች የሕፃን ልብስ በሚመስል ሐመር ቀለም ተቀቡ፤ ጀርባቸውን ማንም ብሩሽ አላስነካቸውም። የተዘጉት ሱቆች መስኮት ላይ የተከፈተ ሱቅ ፎቶ ተለጠፈበት፦ የተደረደረ ዳቦ፣ የተሰቀለ ሥጋ፣ ፈገግ ያለ ባለሱቅ። በተለጠፈ በማግስቱ አንዲት አሮጊት ሥጋ ልትገዛ በሩን ስትገፋ፣ ስትገፋ ታይታለች። ከዚያ አሮጌውን የባሕር ዳር መንገድ አፍርሰው፣ ውሃ ሲነካው የሚያንሸራትት ድንጋይ አነጠፉበት፤ አጥሩ ላይም የወደፊቱን ስኬልቢ የሚያሳይ የቤት ያህል ሥዕል ሰቀሉ። ሊያን አንድ ቀን ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር መርምራዋለች። ዮጋ የሚሠሩ ሁለት ሴቶች አሉ። ብስክሌት የያዘ ጢማም ጎረምሳ አለ። የቡና ኩባያ የሌለው እጅ የለም። አንድ ጨዋ የባሕር ወፍ እንኳ አለች። አህያ ግን የለም። ወፍራም ሰው የለም፣ ሽማግሌ የለም፤ እሷ የምታውቀው አንድም ሰው የለም።

ያንኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሊያን ፈቃዱን ከመሳቢያ አውጥታ፣ የጋጣ ቦት ጫማዋን እንዳደረገች፣ ወደ መልሶ ማልማት ጽሕፈት ቤት ሄደች።

ጄማ ኦግደን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ናት። የውጭ ሰው ብትሆን ለሊያን በቀለላት፤ ጄማ ግን እዚያው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ የተወለደች፣ ከሊያን ጋር በአንድ ወንበር የተማረች፣ ስድስት በጋ ሙሉ ለክሊፍ ተቀጥራ አህያ የሳበች ልጅ ናት። ከዚያ ማንቸስተር ሄዳ ተምራ፣ ከሌላ ሰው ምላስ የተዋሰችው በሚመስል አነጋገር ተመለሰች።

«ሊያንዬ! ግቢ፣ ግቢ! ቡና? የአጃ ወተት ብቻ ነው ያለን ግን —»

«ዓርብ፣ ጄማ።»

«እሺ፣ ዓርብ» አለች ጄማ ቁጭ እያለች። «ምን ላድርግ? ሐሙስ ሴትዮዋ ፓርላማ ናት። ቅዳሜ የልጇ ልደት ነው። ያለችን ዓርብ ናት።»

«ስድስት በጋ አብረሽኝ ስበሻል። ዓርብ ዓርብ የት ነበርን?»

ጄማ ሳትወድ ፈገግ አለች። «ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ሲጋራ ስናጨስ።»

«ከአህያ ጋር?»

«ኧረ ሊያን! ያ ደንብ የተጻፈው ሰው በጋዝ መብራት ሲኖር ነው። ዛሬ ማን ያስታውሰዋል?»

ሊያን ፈቃዱን ዘርግታ ጠረጴዛው ላይ መታ አደረገችው። «እናንተ። ተራ ቁጥር ስድስት። አንብቢው።»

ጄማ አነበበች። ፊቷን ላየ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምታነበው ያስታውቃል። ዓርብ ቀን እንስሳቱን ያሠራ ፈቃዱ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰረዛል ይላል፤ ከሥሩ የማዘጋጃ ቤቱ ማኅተም አለ።

«ይሄ ልዩ ሁኔታ ነው'ኮ» አለች። «እኛው ጠርተናችሁ እኛው እንሰርዛችኋለን? እብድ ነን?»

«ጥሩ። ጻፊልኛ። ‹ማዘጋጃ ቤቱ ዓርብ ውጡ ብሎ ጠይቋል፤ ተራ ቁጥር ስድስት ለዚያ ቀን አይሠራም።› በቃ፣ አንድ መስመር ናት። ፈርሚና ስምንቱንም አበባ አስሬ፣ ባርኔጣ ደፍቼ አመጣልሻለሁ። ሰኮናቸውን ቀለም ቀቢልን ብትዪኝም እቀባለሁ።»

ጄማ ብዕሯን አነሣች። ብዕሩን አየችው። መልሳ አስቀመጠችው።

«እሱን እኔ መፈረም አልችልም። የፈቃድ ክፍል ነው የሚፈርመው። የፈቃድ ክፍልን ከጠየቅኩ ለሕግ ክፍል ይመራዋል፤ ሕግ ክፍል የገባ ነገር ደግሞ በስድስት ሳምንትም አይወጣም።»

«በአፍሽ ግን ትችያለሽ።»

«ሊያን —»

«በአፍ ትጠሪናለሽ፣ በወረቀት አታውቂንም። ይሄው ነው አይደል?»

ጄማ ተነሥታ በሩን ዘጋች። ስትመለስ የተዋሰችው አነጋገር ጠፍቶ የባቡር ጣቢያው ጀርባ ልጅ ሆናለች።

«ስሚኝ፣ አንቺ ደረቅ። እዚህ ቤት ውስጥ አህያ የሚፈልግ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ሌሎቹ ‹የድሮ ነገር ነው፣ ይሸታል› ነው የሚሉት። ዓርብ ሚኒስትሯ ከአህዮቹ ጋር ፎቶ ትነሣ፤ በነጋታው ሥዕሉ ውስጥ አስገባችኋለሁ። መስከረም ላይ ፈቃዱ ሲያልቅ ማን ይነካችኋል? ካልመጣችሁ ግን አልፓካ ያለው ሰውዬ ሦስት ወር ሙሉ ሲደውልልን ነው የከረመው።»

«አልፓካ?»

«ሰው ይወዳቸዋል። ፎቶ ላይ ያምራሉ።»

«አንገቱን የሳቡት በግ'ኮ ነው! ይተፋል!»

«ብዙም አይተፉም» አለች ጄማ። «ማለቴ፣ ይተፋሉ፤ ግን ብዙ አይደለም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለቱም በሳቅ በፈረሱ። ሊያን ፈቃዱን አጥፋ ደረት ኪሷ ከተተች። «እስከ ዓርብ ጠዋት ወረቀቱን እጠብቃለሁ። ወረቀት ካልመጣ አህያ አይመጣም።»

ወረቀቱ ረቡዕም አልመጣ፣ ሐሙስም አልመጣ። ሐሙስ ከሰዓት የመጣው ኬክ ነው። ሊያን ከመኖ ቤት ገለባ ጭና ስትመለስ የጄማ ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ከግቢው እየወጣች አገኘቻት፤ ጄማ በመስታወቱ እጇን አውለበለበችላት። ውስጥ ስትገባ ጠረጴዛው ላይ የሎሚ ኬክ አለ፤ ሩቡ ተበልቷል።

«ምን አለችህ?»

«ምንም» አለ ክሊፍ።

«አባዬ፣ ኬክ ይዞ የሚመጣ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ምንም ሳይል አይሄድም።»

«‹አጎቴ ክሊፍ፣ ለእርስዎ ብዬ እንጂ ምን አተርፋለሁ› አለች። ቃሏን ሰጠችኝ። አህያ መሳብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ ሊያን፤ ያቺ ልጅ ዓይኔ እያየ አትዋሸኝም።»

«አልዋሸችህም፤ እሷም አምናበት ነው። ግን የሰጠችህ የዓርብ አህያ ነው። ፈርሚ ስላት ብዕር ከበዳት!»

ክሊፍ ከወንበሩ ሊነሣ ሞክሮ ተወው። «እኔ የምልሽ ገብቶሻል? ሰባት ቤተሰብ ነበርን። ስድስቱ ሲዘጉ አይቻለሁ። አሸዋው ላይ የአህዮች ድንኳን ሲከለከል ሆልሮይድ ተከራከረ፤ ልክ ነበር። የአህዮቹ መጠጫ ገንዳ ሲነሣ እነ ማርጀሪ ከሰሱ፤ ልክ ነበሩ። ሁሉም ልክ ነበሩ። ልክ እንደሆኑ ነው የጠፉት። እኔ የቀረሁት ለምን ይመስልሻል? ስለማልከራከር ነው።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ሊያን አባቷን አየችውና ልትለው ያሰበችውን ዋጠችው፤ ሌላ፣ የባሰ ነገር ግን አመለጣት።

«አልቀረህም'ኮ፣ አባዬ። ተራህ አልደረሰም ነበር እንጂ።»

ክሊፍ ኬኩን ቆረሰ። ሊያን የመስኩን በር በቁልፍ ቆልፋ፣ መክፈቻውን ኪሷ ጨምራ ተኛች።

ዓርብ ጠዋት ሊያን ሌላ ሥራ አላት። አህዮቹ በሚያርፉበት ቀን ለእንግዳ የሚከራዩ የዕረፍት ቤቶች ታጸዳለች፤ በራቸው ላይ የቁልፍ ሳጥን የተንጠለጠለባቸው፣ ባለቤቶቻቸው ሎንዶን የሚኖሩ ቤቶች። አምስት ሰዓት አካባቢ በአንደኛው ሦስተኛ ፎቅ መታጠቢያ ቤት ተንበርክካ ሽንት ቤት ስትፈትግ የጥሩምባ ሙዚቃ ቡድኑ ከታች መጫወት ጀመረ። አልፎ አልፎ በጥሩምባው መሐል የቃጭል ድምፅ ሰማች። ያን ቃጭል በእንቅልፏም ታውቀዋለች።

መስኮቱን ስትከፍት ስምንቱም አህዮች በሰልፍ እየመጡ ነበር። ከፊት ዱቼስ፣ ከኋላዋ ሳጅን፣ ከዚያ ፔግና ሌሎቹ፤ ሁሉም ጆሯቸው የሚወጣበት ቀዳዳ ያለው የገለባ ባርኔጣ ደፍተዋል። ከፊታቸው ክሊፍ ታክሬይ፣ በሚስቱ ቀብር ቀን የለበሰውን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ልጓሙን ይዞ ይራመዳል። ያ የበር ቁልፍ የእሱ ነው፤ አርባ ዓመት ሲይዘው ትርፍ መክፈቻ ሳያስቀርጽ ቀርቶ ነው?

የጎማ ጓንቷን ሳታወልቅ ደረጃውን በሩጫ ወረደች። አጥሩ መግቢያ ላይ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ ጎልማሳ እጁን ዘረጋባት።

«ስም?»

«ሊያን ታክሬይ። አሳልፈኝ።»

ዝርዝሩን በጣቱ ወረደበት። «የለሽም።»

«አህዮቹ የኔ ናቸው!»

እንደገና አየ። «አህዮቹ አሉ» አለ። «ስምንት ይላል። አንቺ ነሽ የሌለሽው።»

«አባዬ!» ብላ ጮኸች። ጥሩምባው ዋጠው። ሁለተኛ ስትጮህ ክሊፍ ዞር አለ፤ አያት። አልመጣም። እጁን ትንሽ ከፍ አድርጎ ሰላምታ ሰጣት፤ ከጎኑ ሚኒስትሯ የዱቼስን አንገት በጓንት እየዳበሰች ለፎቶ ጥርሷን ታሳያለች፤ የባለሥልጣናቱ ልጆች ፔግና ሳጅን ላይ ተፈናጥጠዋል፤ ጄማ ሮዝ ጃኬት ለብሳ «አንድ ጊዜ ወደዚህ! አንድ ጊዜ ወደዚያ!» ትላለች። ክሊፍ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጉልበቱ ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ቀጥ ብሎ አላየችውም፤ ይሄ ደግሞ ይብሱን አበገናት። አጥሩን ዘልላ ልጓሙን ልትነጥቀው ትችል ነበር። ከዚያስ? ተመልሳ ፎቁን ወጣች። እንግዶቹ ዘጠኝ ሰዓት ይገባሉ፤ ሽንት ቤቱ አላለቀም።

ማታ እራት ላይ ክሊፍ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ «ሚኒስትሯ እጄን ጨበጠችኝ።» ሊያን ሳህኗን ይዛ ጋጣ ሄዳ በላች።

ማዘጋጃ ቤቱ ፎቶውን በነጋታው አወጣው። ባለቀለም ነው፤ ከሥሩ «የስኬልቢ አህዮችም በከተማቸው ትንሣኤ ተደስተዋል» ይላል። አህዮቹን ማን እንደጠየቃቸው አይልም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ፎቶ ተመልሶ ቤታቸው መጣ፤ አሁን ከደብዳቤ ጋር ተያይዞ፣ ከአናቱ ላይ «ማስረጃ አንድ» ተብሎበት። አንድ በቅርቡ ወደ ከተማው የገቡ፣ ለእንስሳት የሚቆረቆሩ ነዋሪ ደንቡን አንብበው አቤት ብለዋል። የፈቃድ ክፍሉም መርምሮ፣ ወይዘሪት ታክሬይ በዓርብ ቀን እንስሳቱን ማሠራታቸውን ስላረጋገጠ፣ በተራ ቁጥር ስድስት መሠረት ፈቃዱ ከዛሬ ጀምሮ ተሰርዟል። ቦታው ለጊዜው ለሌላ አመልካች ይሰጣል። ቅር የተሰኘ ረቡዕ በአቤቱታ ሰሚው ፊት ሦስት ደቂቃ መናገር ይችላል።

ሊያን ስልኩን አንሥታ ደወለች።

«አይቼዋለሁ» አለች ጄማ ገና ሳትጠየቅ። «የኔ ክፍል አይደለም፣ ሊያን። ፈቃድ ክፍል ነው። ይመረምሩታል ብዬ መች አሰብኩ?»

«ሚኒስትሯ ፊት አህያ ስታሰልፊ ግን ያንቺ ክፍል ነበር።»

«ለሰዎቹ አስረዳለሁ። ቃሌ ነው።»

«በቃልሽ ነው እዚህ የደረስነው። ረቡዕ አቤቱታ ሰሚው ፊት ቆመሽ ንገሪያቸው።»

ረቡዕ ከሰዓት ማዘጋጃ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ዘጠኝ የምክር ቤት አባላት ብስኩት ከበው ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ዲንስዴል የሚባሉ፣ ቀድሞ የጫማ ሱቅ የነበራቸው ሰው ናቸው። ክሊፍ በዚያው ሙሉ ልብሱ ከፊት ወንበር ላይ፤ ጄማ ከመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ።

«ወይዘሪት ታክሬይ፣ ሦስት ደቂቃ አለዎት» አሉ ሰብሳቢው።

«አይፈጅብኝም» አለች ሊያን ተነሥታ። «አህዮቹ ዓርብ ወጥተዋል። ፎቶው የናንተ ነው፣ ድግሱ የናንተ ነው፣ ባርኔጣው እንኳ የናንተ ነው። ባለአህያ በራሱ ፈቃድ ዓርብ ቀን ለሚኒስትር ሰላምታ አይወጣም፤ ጠሪ አለው። እኔ ከዚያ ዓርብ በፊት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ወረቀት ስጡኝ ብዬ ለምኛለሁ፤ ተከልክያለሁ። አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው። አህዮቹን የጠራው ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ አለ። ይነሣና ‹እኔ ነኝ የጠራሁት› ይበል። ከዚያ የፈለጋችሁትን ወስኑ።»

ቁጭ አላለችም። ዞራም አላየችም። አንድ ሰው ብስኩት ሲሰብር ተሰማ። የሚነሣ ሰው ሲጠፋ ግን ዞረች። ጄማ ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራለች፤ አንገቷ እስከ ጆሮዋ ቀልቷል፤ ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ናቸው፣ ግን አይጽፉም።

ወንበር ጮኸ። የተነሣው ክሊፍ ነው።

«እኔ ነኝ ያወጣኋቸው» አለ፣ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጦ። «ልጄ አይሆንም ብላ በሩን ቆልፋ ነበር። በትርፍ ቁልፍ ከፈትኩት። እሷ አታውቅም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔን ቅጡኝ። ፈቃዱን ተዉላት።»

ዲንስዴል ከጎናቸው ያለውን ሕግ አዋቂ ጎንበስ ብለው አነጋገሩ። ቀና ሲሉ በእርግጥም ያዘኑ ይመስላሉ።

«ሚስተር ታክሬይ፣ ግልጽ ስለሆኑልን እናመሰግናለን። እንግዲህ እንስሳቱ ባለፈቃዷ ሳያውቁ ከወጡ ... ተራ ቁጥር ዘጠኝም ተጥሷል ማለት ነው። ‹እንስሳቱን በአግባቡ አለመጠበቅ›።»

ሊያን ሳቀች። ሳቋ ለራሷም ደስ አላላትም፤ ግን ሊቆምላት አልቻለም። ድምፅ ሲሰጡ ፈቃዱ እንደተሰረዘ ይቅር ብሎ ሰባት እጅ ተነሣ፣ ሁለት ቀረ። ሰብሳቢው ሁሉንም በድጋሚ አመሰገኑ።

ጄማ ደረጃው ላይ ደረሰችባት። «ብነሣ ኖሮ ሥራዬን አጣ ነበር፣ ሊያን። ሥራዬን!»

«አዎ» አለች ሊያን።

ጄማ ሌላ ነገር ጠበቀች፤ ስድብ፣ ጥፊ፣ የሆነ ነገር። ሲጠፋባት ወደ ላይ ተመለሰች።

ክሊፍ የደረጃውን መደገፊያ ይዞ አንድ አንድ ደረጃ እየወረደ ነበር። «ልክ ነበርሽ» አለ።

«እና ልክ መሆን ምን ያደርግልኛል? ራስህ አይደለህ ያልከው።» ክንዱን ያዘችው፤ አያያዟ የፍቅር አልነበረም፤ እንዳይወድቅ ነው። «ነገ ባሕሩ የሚሸሸው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

ክሊፍ ቆሞ አያት። «አምስት ሰዓት ተኩል ግድም። ለምን?»

«ሰፊ አሸዋ ስለምፈልግ።»

ሐሙስ ልክ አራት ሰዓት ሲሆን ስምንቱ አህዮች ያለ አበባ፣ ያለ ባርኔጣ፣ ቃጭላቸውን ብቻ አንጠልጥለው ማንም ቀለም ባልቀባቸው ቤቶች ጀርባ በኩል ወረዱ። ከየመስኮቱ ሰው ብቅ ብቅ አለ። አዲሱ ድንጋይ ላይ ሁለት አልፓካዎች በሪባን አጊጠው ቆመዋል፤ አንደኛው ባለቤቱ ጫማ ላይ ተፋ። ሊያን ሳታያቸው አልፋ አሸዋው ላይ ወጣች፤ ቅድመ አያቷ በቆመበት ስፍራ አህዮቹን በመስመር አቆመች። ነሐሴ ነው፤ ሰማዩ ለአንዴ እንኳ ተሸንፎ ፀሐይ ወጥቷል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ልጆች ተሰለፉ። ክሊፍ የሚታጠፍ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ተራ ያስይዛል።

ደንብ አስከባሪው ትሬቨር ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ መጣ፤ ጫማው በአሸዋ ተሞልቶ፣ ፊቱ ላብ በላብ ሆኖ። ጎረቤታቸው ነው።

«ሊያን፣ በማርያም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ፈቃድ የለሽም'ኮ።»

«የለኝም።»

«መጻፍ አለብኝ።»

«ጻፋ። ማን ያዘህ?»

«አንደኛው ቅጣት ነው። ሁለተኛው እጥፍ ነው። ሦስተኛ ጊዜ አህዮቹን መውረስ ይችላሉ፤ ሕጉ እንደዚያ ይላል። እኔ አይደለሁም፣ ሕጉ ነው።»

ሊያን የዱቼስን የኮርቻ ማሰሪያ ጠበቅ አደረገች። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ በብብቷ ይዛ አነሣቻትና ኮርቻው ላይ አስቀመጠቻት።

«ይምጡ» አለች። «ጫማቸውን ያውልቁና ራሳቸው ይምጡ። ስምንት አህያ እምቢ ሲል አይተህ ታውቃለህ ትሬቨር? ሚኒስትሯም ታግዛቸው። እኔ ልጓም ላይ እጄን አላሳርፍላቸውም።»

«ምን ብዬ ልጻፍ ታዲያ?»

«ያየኸውን። ሲያልቅ ደግሞ ከመንገዱ ዞር በልልኝ፤ ልጆች ተሰልፈዋል።»